ኤምፒኤችን ከሌላ ማስተርስ ጋር ማጣመር፦ ደሴ ላይ የሚወራውና እውነታው

«ኤምፒኤች፣ ማለትም የኅብረተሰብ ጤና (ፐብሊክ ሄልዝ) ማስተርስ፣ ከሌላ ማስተርስ ጋር ልማር?» የሚል ወጣት ደሴ ላይ መካሪ አያጣም። ምክሩ ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። እኔ ደጋግሜ የምሰማውን ላንሳ።

«ፐብሊክ ሄልዝ ከተማርክ ታክማለህ» ይላሉ። ስሙ ነው ያሳሳተን። በፐብሊክ ሄልዝ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጤና መኮንን ነው፤ እውነትም ያክማል። ማስተርሱ ግን ስለ በሽታ ሥርጭት፣ ስለ ስታቲስቲክስ፣ ስለ ጤና አገልግሎት አመራር ነው። የሕግ ምሩቅ ኤምፒኤች ስለያዘ በሽተኛ አያይም።

«እንግዲያው ለጤና ባለሙያ ብቻ ነው» የሚሉም አሉ። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። እስቲ ኮምቦልቻን እዩ። የፋብሪካ ፍሳሽ በትንንሾቹ ወንዞች አድርጎ ቦርከና ወንዝ ይገባል። ከታች ያለው ገበሬ በዚያው ውሃ አትክልት ያለማል፣ ከብቱን ያጠጣል። ፍሳሹ እንዴት እንደሚጣራ የሚያውቀው ኢንጂነሩ ነው። ማን እንደታመመና ለምን እንደታመመ የሚያጠናው የጤና ባለሙያው ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን ይዞ የሚሟገተው ደግሞ ሕግ አዋቂው ነው። ሦስቱ ካልተግባቡ ውሃው እንደቆሸሸ ይቀራል። ከሦስቱ ሁለቱን ሙያ በአንድ ራስ የያዘ ሰው እዚህ ምን ያህል እንደሚጠቅም አስቡት! ወሎ ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ጤናውን ደሴ፣ ኢንጂነሪንጉን ኮምቦልቻ ነው የሚያስተምረው። በመካከል ያለው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ብቻ ነው።

ነገሩ ለአገራችንም አዲስ አይደለም። በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጎንደሩ የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን (የአካባቢ ጤና ባለሙያውን) አንድ ላይ ያሠለጥን ነበር። በቡድን እንዲሠሩ ታስቦ ነው።

«ሁለት ዲግሪ ዕድሜህን ይበላል» የሚለውስ? እንደ ቦታው ነው። አሜሪካ ሕግ 3 ዓመት፣ ኤምፒኤች 2 ዓመት ነው። ተጣምረው ሲሰጡ ግን አብዛኛውን ጊዜ በ4 ዓመት ያልቃሉ፤ አንዱ ኮርስ ለሁለቱም ይቆጠራላችኋል። እኛ ጋ ብዙው ሰው አንዱን ጨርሶ ነው ሌላውን የሚጀምረው፤ ስለዚህ ያ ዓመት አይተርፍም።

«ደሞዝ እጥፍ ይሆናል» ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ አይሆንም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚከፍለው ለሥራ መደቡ ነው። ቤተሰብ ከብት ሸጦ ከማስተማሩ በፊት ይህን ቢያውቅ እወዳለሁ።

የመጨረሻው «ከኤምቢኤ፣ ማለትም ከቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ፣ ጋር ካልሆነ ዋጋ የለውም» የሚለው ነው። ሆስፒታል ማስተዳደር ለሚፈልግ ኤምቢኤ ጥሩ ነው። ከተጎዱ ቤተሰቦች ጋር መሥራት ለሚፈልግ ግን ሶሻል ወርክ ይበልጥበታል። የቱንም ብትመርጡ ሬጅስትራር ሄዳችሁ «ከመጀመሪያው ማስተርስ የትኞቹ ኮርሶች ይያዙልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ክፍያውን ከዚያ በኋላ ፈጽሙ።