ጨካኝ ቅጣትን የሚገድበው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስምንተኛ ማሻሻያ

መንግሥት ጥፋተኛን መቅጣት ይችላል። ግን እስከ የት ድረስ? አሜሪካ ውስጥ የዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈለገው በ1791 በጸደቀው የሕገ መንግሥቱ ስምንተኛ ማሻሻያ ውስጥ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ማሻሻያው ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሲሆን ሦስት ነገር ይከለክላል፤ ከልክ ያለፈ የዋስትና ገንዘብ፣ ከልክ ያለፈ መቀጮ፣ ጭካኔ የተሞላበትና ያልተለመደ ቅጣት። ሐሳቡ የተወሰደው ከእንግሊዝ የ1689 የመብቶች ሕግ ነው።

የተከለከሉ ቅጣቶች ዝርዝር ግን የለም። ጨካኝ የሚባለው የቱ እንደሆነ የሚወስነው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው። በ1910 የመጣው ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው። ፊሊፒንስ በአሜሪካ ሥር ሳለች አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ሐሰተኛ የሂሳብ መዝገብ አዘጋጅቷል ተብሎ 15 ዓመት ተፈረደበት፤ ያውም ከእጅ አንጓው እስከ ቁርጭምጭሚቱ በሰንሰለት ታስሮ ከባድ የጉልበት ሥራ እየሠራ። ፍርድ ቤቱ ይህን ሻረ። በ1958 ደግሞ መለኪያው ማኅበረሰቡ እየበሰለ ሲሄድ አብሮት የሚያድግ ነው ተባለ። ስለዚህ ትናንት ዝም የተባለ ቅጣት ዛሬ ሊወድቅ ይችላል።

ገደቡ በደንብ የሚታየው በሞት ቅጣት ላይ ነው። በ1972 ዳኞቹ 5 ለ4 ተከፋፍለው በወቅቱ የነበረውን አሠራር ጣሉት። የሚገደለውና የሚተርፈው በዕጣ የተለየ እስኪመስል ድረስ ወጥነት አልነበረውም። ክልሎች ሕጋቸውን አስተካከሉና በ1976 ቅጣቱ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ግን ጥቂት በጥቂት ጠበበ። በ2002 የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች፣ በ2005 ወንጀሉን ሲፈጽሙ 18 ዓመት ያልሞላቸው፣ በ2008 ደግሞ ሕፃን ደፍረው ሕይወት ያላጠፉ ሰዎች በሞት እንዳይቀጡ ተወሰነ። ከ2010 ጀምሮ ነፍስ ያላጠፋ ልጅ ያለ አመክሮ ዕድሜ ልክ አይታሰርም።

እስር ቤት ውስጥ ያለው አያያዝም ከዚሁ ይገባል። የእስረኛን ከባድ ሕመም እያወቁ ችላ ማለት ራሱ ጨካኝ ቅጣት ነው ተብሏል፣ በ1976። መቀጮን በተመለከተ የ2019ኙ ውሳኔ ይጠቀሳል። ኢንዲያና ውስጥ አንድ ሰው ጥቂት ዕፅ ሸጦ ተያዘ፤ ለጥፋቱ ትልቁ መቀጮ 10,000 ዶላር ሆኖ ሳለ ባለሥልጣናቱ 42,000 ዶላር ገደማ የተገዛ መኪናውን ሊወርሱት ፈለጉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመቀጮው ገደብ ክልሎችንም ይመለከታል አለ፣ ያለ ተቃውሞ።

የሚያሳዝነው ግን የእስር ዓመታት ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ማሻሻያው ጥርስ የለውም ማለት ይቻላል። በ1980 ውሳኔ ባገኘ ጉዳይ አንድ የቴክሳስ ሰው አየር ማቀዝቀዣ እጠግናለሁ ብሎ 120.75 ዶላር በማታለል ተቀብሎ ነበር። ቀደም ሲል ሁለት ጥቃቅን የማጭበርበር ጥፋቶች ስለነበሩበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ ፍርዱም ጸና። በ1983 ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ በ100 ዶላር ደረቅ ቼክ ያለ አመክሮ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ግን ፍርዱ 5 ለ4 ተሻረለት። ሁለቱም ሰዎች የቆየ የጥፋት መዝገብ ነበራቸው፤ ልዩነቱ የመጀመሪያው አመክሮ የመጠየቅ ዕድል ነበረው መባሉ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ሚዛን ለብዙ ሰው አይዋጥም።

በ2003 ደግሞ የካሊፎርኒያው ጉዳይ መጣ። ሰውየው ሦስት የጎልፍ ዱላዎች ሱሪው ውስጥ ደብቆ ሊወጣ ሲል ነው የተያዘው። የእያንዳንዱ ዋጋ 399 ዶላር ነበር። «ሦስተኛ ከደገምክ አለቀልህ» በሚለው የክልሉ ሕግ ከ25 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አልነካውም። ዳኞቹ የቅጣት ርዝመት መወሰን በዋናነት የሕግ አውጪው ሥራ ነው ብለው ያስባሉ። ክርክሩ መሠረት የለውም አይባልም፣ ግን ገደቡን የጻፉት ሰዎች ሕግ አውጪውንም ጭምር ሊገድቡ ነበር። ሕጉን በመጨረሻ ያለዘቡት የካሊፎርኒያ መራጮች ናቸው፤ በ2012 በሕዝብ ድምፅ፣ ሦስተኛው ጥፋት ከባድ ወይም ኃይል የተቀላቀለበት ካልሆነ በስተቀር፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ውጪ፣ ዕድሜ ልክ እንዳይፈረድ አደረጉ።