ስኩዊድ ዓሣ አይደለም

ባህር ዳር ውስጥ ባዮሎጂ አስጠናለሁ። በየዓመቱ አንድ ጥያቄ አወጣለሁ፦ የውቅያኖሱን ስኩዊድና የቻይናውን ፓንዳ አወዳድሩ። በየዓመቱም ያው መልስ ይመጣል፦ «ስኩዊድ ዓሣ ነው፣ ፓንዳ የዱር እንስሳ ነው።» ተማሪ ቢሳሳት ምንም አይደለም፣ ሊማር ነው የመጣው። ወላጆች ሲደግሙት ግን ይሰለቸኛል።

ውሃ ውስጥ የሚኖር ሁሉ ዓሣ ከሆነ፣ ዓባይ ከጣና ሲወጣ ተነክሮ የሚውለው ጉማሬስ? እሱን ዓሣ የሚል ሰው እዚህ ከተማ አላጋጠመኝም።

ባለፈው የእህቴን ልጅ ይዤ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ዓሣ የሚበልቱት ልጆች ጋ ቆምን። አንዱ ቀረሶ አነሳ። ቢላዋውን ከጭንቅላቱ ሥር አስገብቶ እስከ ጭራው ሳበው። ሥጋው በሁለት ወገን ተነሳ፣ መሃል ላይ አጥንቱ ብቻ ቀረ። «ንኪው» አልኳት። አከርካሪውን አንድ ሁለት እያለች በጣቷ ቆጠረች። እንግዲህ ቀረሶም፣ ፓንዳም፣ እኛም ደንደሴዎች፣ ማለትም አከርካሪ ያለን እንስሳት ነን። በዝምድና ካየነው ቀረሶ ከስኩዊድ ይልቅ ለፓንዳ ይቀርባል። ይህን ስነግራት ዓይኗ ፈጠጠ።

ስኩዊድ አንድም አጥንት የለውም። ውስጡ ያለው ስስ ፕላስቲክ የሚመስል፣ የላባ ቅርጽ ያለው ድጋፍ ነው። የቅርብ ዘመዱ ኦክቶፐስ ነው፤ ራቅ ሲል ደግሞ ክረምት ላይ ግድግዳችንን የምትወጣው ቀንድ አውጣ። ልቡ 3 ነው። ደሙ ኦክስጅን የሚሸከመው በመዳብ ስለሆነ ሰማያዊ ነው። 8 ክንዶችና 2 ረጃጅም መንጠቂያዎች አሉት። የምግብ ቧንቧው በአንጎሉ መሃል ያልፋል፤ ስለዚህ ምግቡን በምንቃሩ አድቅቆ ነው የሚውጠው።

«ጣና ውስጥም ይኖር ይሆናል» የሚሉ አሉ። አይኖርም። ስኩዊድም ኦክቶፐስም የጨው ውሃ እንስሳት ናቸው።

«አጥንት የሌለው እንስሳ ደደብ ነው።» በጭራሽ! ከኢደንደሴዎች ሁሉ ትልቅ አንጎል ያላቸው የስኩዊድ ወገኖች ናቸው።

«ፓንዳ ድብ አይደለም።» ነው። የዘረመል ምርመራ ክርክሩን ዘግቶታል።

«ፓንዳ ቀርከሃ ስለሚበላ ሆዱ እንደ በሬ ነው።» ይሄም ስህተት ነው። አንጀቱ እንደ ሥጋ በሊታ አጭር ነው፣ ጨጓራውም አያመሰኳም። የበላው አብዛኛው ሳይፈጭ ይወጣል። ለዚህ ነው በቀን ከ12 እስከ 38 ኪሎ የሚበላው፣ ቀኑም በማኘክ የሚያልቀው። ቀርከሃውን የሚጨብጥበት «አውራ ጣት» ደግሞ የእጅ አንጓ አጥንት አድጎ የወጣ ነው።

አንድ አባት «ቀርከሃማ እንጅባራም ሞልቷል፣ ፓንዳ ለምን የለም?» ብለውኝ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። ምግቡ ስላለ ብቻ እንስሳው አይኖርም። ፓንዳ በዱር ያለው በቻይና ሲቹዋን፣ ሻአንሺና ጋንሱ ተራሮች ላይ ብቻ ነው።

ወላጆች፣ እባካችሁ ልጆቻችሁን ስታስጠኑ «የት ይኖራል?» ብላችሁ አትጀምሩ። «አከርካሪ አለው?» በሉ። ቀጥላችሁ «ልጁን ጡት ያጠባል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀረሶ ጠብሳችሁ ስትበሉም አጥንቱን ቶሎ አትጣሉት። ሳህን ላይ አስቀምጡትና ልጆቹ ይቁጠሩት።