አንድምታ ምንድን ነው?

«የስምምነቱ ፖለቲካዊ አንድምታ»፣ «የዋጋ ንረቱ አንድምታ»። ዜና አንባቢው «መዘዝ» ወይም «ፋይዳ» ለማለት ነው፤ ሁለቱም ቃላት አፉ ላይ ነበሩ። «ቋንቋ ያድጋል» ለሚለኝ አስተያየት ሰጪ፦ ይደግ። ጣጣው የሚመጣው ሰው ይህን ፍቺ ይዞ ወደ ትርጓሜ መጻሕፍት፣ የቤተ ክርስቲያን መምህራን የቅዱሳት መጻሕፍትን የግእዝ ንባብ በአማርኛ ወደሚያብራሩባቸው፣ ሲገባ ነው። ከንባቡ የሚከተል ነገር ይፈልጋል፤ አንድምታ ግን ከንባቡ ጎን የሚደረደር ነው።

የኔታ የግእዙን ሐረግ ያስነብባሉ፣ በአማርኛ ይፈቱታል፣ ሐተታውን ያክላሉ፤ ከዚያ «አንድም» ብለው ሌላ ፍች ያመጣሉ። ሉቃስ 10 ላይ ደጉ ሳምራዊ ለእንግዳ ማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ይሰጣል። ዲናሩ ገንዘብ ነው፣ የቁስለኛው ማስታመሚያ። አንድም ብሉይና ሐዲስ ነው፤ ያን ጊዜ ቁስለኛው አዳም፣ ሳምራዊው ክርስቶስ፣ ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን ይሆናል። ሁለተኛው መጣ ተብሎ የፊተኛው አይሻርም። ሰምና ወርቅ ነው የምትሉም አላችሁ። አይደለም። ባለቅኔ ሰሙን የሚያለብሰው እንዲገፈፍ ነው፤ እዚህ የሚገፈፍ የለም። ደግሞ ሁሉም አንድም ምሥጢር አያወጣም፤ አንዳንዱ የአገባብ ልዩነት ብቻ ነው።

ትምህርቱ ከትውልድ ትውልድ የዘለቀው እንደ እርሾ ነው። ካለፈው ሊጥ የተረፈው የነገውን ያቦካል። የኔታ ከመምህራቸው በቃል የተቀበሉትን ያቀብላሉ፤ ተማሪው ከጉባኤ፣ ከመምህሩ ትምህርት፣ ሲወጣ ከባልንጀሮቹ ጋር ይከልሳል፤ አንዱ ሐረግ ቢዘል ሌላው ያርመዋል። ዱቄቱ በየዘመኑ አዲስ ነው፣ እርሾው ያው። እርሾ ያለቀባት ከጎረቤት ትዋሳለች እንጂ ውኃ አትጨምርም፤ «አንድም» እያለ ከራሱ የሚያፈልቅ ሰባኪ ግን የሚጨምረው ውኃ ነው። ጎንደር ላይ እርሾው ሁለት ማሰሮ ነበረው፣ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉ ሁለት የትርጓሜ ትምህርት ወገኖች፤ ዛሬ በስፋት የሚሰማው የታች ቤቱ ነው።

የታተመውን ለብቻው የሚያነብ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። በጉባኤ የመምህሩ ድምፅ የሚለየውን ወረቀቱ አይለይም፤ አንባቢው «አንድም»ን ከፊቱ ካለው የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጋር ያያይዘዋል። ጣትዎን ግእዙ ላይ ያኑሩ። ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ወደዚያ ነው፣ አንዳንዴም ወደ አንድ ቃል ብቻ።