የጀርመኑ «የእሳት ግድግዳ» ምኑን ነው የሚከለክለው?

የጀርመንን ፖለቲካ የሚከታተል ሰው «የእሳት ግድግዳ» የሚለውን አባባል ሳይሰማ አይቀርም። ብዙዎች ሕግ ይመስላቸዋል። አይደለም። ሌሎቹ ፓርቲዎች ስደትን አጥብቆ ከሚቃወመው «አማራጭ ለጀርመን»፣ በአጭሩ አኤፍዴ፣ ጋር ላለመተባበር የያዙት አቋም ነው። ስለዚህ የሚጥሰው ፓርቲ ፍርድ ቤት አይቀርብም።

አብሮ መንግሥት መመሥረት አይቻልም፤ ይሄ ግልጽ ነው። ወግ አጥባቂው የክርስቲያን ዴሞክራቶች ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ2018 በጉባኤው ከአኤፍዴ ጋር ጥምረትንም ትብብርንም ዘግቷል። ግራ የሚያጋባው ፓርላማ ውስጥ ድምፅ ሲሰጥ ነው። በጥር 2025 መጨረሻ የፓርቲው መሪ ፍሪድሪሽ ሜርስ የስደት ቁጥጥርን የሚያጠብቅ የውሳኔ ሐሳብ አቀረቡ። አኤፍዴም ደገፈው፤ 348 ለ344 አለፈ። አስገዳጅ አልነበረም። ከሁለት ቀን በኋላ የቀረበው የሕግ ረቂቅ ግን ወደቀ። ተቃዋሚዎች ግድግዳው ፈረሰ አሉ። ሜርስ ደግሞ ትክክለኛ ሐሳብ የማይፈለግ ወገን ስለደገፈው ብቻ ስህተት አይሆንም ብለው ተከራከሩ። እኔን አላሳመኑኝም። የማን ድምፅ እንደሚያሳልፈው እያወቁ ማቅረብ በራሱ ትብብር ነው።

መራጩስ? በየካቲት 2025 ምርጫ አኤፍዴ 20.8 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ሁለተኛ ወጣ። ግድግዳው የቆመው በፓርቲዎች መካከል ነው፤ ከዚህ ሁሉ ሰው ጋር ማውራትን አይከለክልም። የቤት ኪራይ ያሳሰበውን መራጭ ቁጭ ብሎ መስማት፣ ስደተኛን ሲዘልፍ ደግሞ ፊት ለፊት «ተሳስተሃል» ማለት ይቻላል። ሁለቱንም በአንድ ውይይት።