የኤክሴል ጣሪያና የሚሞሪ አቅም አንድ አይደሉም

አንድ የኤክሴል ሉህ 1,048,576 ረድፎችና 16,384 ዓምዶች አሉት ሲባል ብዙ ሰው ያን ያህል መረጃ ያለ ችግር የሚይዝ ይመስለዋል፤ ቁጥሩ ግን የሉሁን ጣሪያ እንጂ ኮምፒውተሩ የሚሸከመውን አይነግረንም። ሁለቱ ሲባዙ ከ17 ቢሊዮን በላይ ሴሎች (ረድፍና ዓምድ የሚገናኙባቸው ሳጥኖች) ይሆናሉ፤ ባለ 32 ቢት ኤክሴል ደግሞ ኮምፒውተሩ ምንም ያህል ራም (ሚሞሪ) ቢኖረው ከ4 ጊጋባይት በላይ ሊጠቀም አይችልም። ስለዚህ ወሰኑን ማበጀት ያለበት ተጠቃሚው ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ በፎርሙላ ውስጥ ሙሉ ዓምድ (ለምሳሌ A:A) የመጥራት ልማድ ነው። መረጃው 5,000 ረድፍ ብቻ ሆኖ ሳለ ለሰምፕሮዳክት (SUMPRODUCT፣ እሴቶችን አባዝቶ ለሚደምር የኤክሴል ተግባር) ሙሉ ዓምድ ከተሰጠው፣ ባዶዎቹን ጨምሮ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሴሎችን ያሰላል፤ ይህ ፎርሙላ በመቶዎች ረድፎች ላይ ሲገለበጥ ፋይሉ ቢንቀራፈፍ ወይም ቢዘጋ ሊያስገርም አይገባም። መረጃውን ወደ ቴብል (ኤክሴል እንደ አንድ ሠንጠረዥ ወደሚያውቀው ክልል) መለወጥ ግን ክልሉ ከረድፎቹ ጋር ብቻ እንዲያድግ ያደርጋል።

ኮንትሮልና ኤንድ ቁልፎች አብረው ሲጫኑ ጠቋሚው መረጃው ካበቃበት እጅግ ርቆ ካረፈ፣ ብዙውን ጊዜ ቀለም ወይም መስመር የተሰጣቸው ባዶ ረድፎች አሉ ማለት ነው። እነዚህን በዲሊት ቁልፍ ማጽዳት አይበቃም፤ ረድፎቹን ራሳቸውን ሰርዞ ፋይሉን ሴቭ ማድረግ ያስፈልጋል።