ቼክ ኢንጂን ምንድን ነው? ከጠፋ በኋላስ ለምን ተመልሶ ይበራል?

ዳሽቦርድ ላይ የምትበራዋን ቢጫ የሞተር ምስል የማያውቅ ሾፌር የለም። አሮጌ መኪና የምንነዳ ሰዎች ደግሞ እንለምዳትና አብረናት እንኖራለን። "እሷ እኮ ሁሌም እንደበራች ናት" እንላለን። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። መብራቷ አንድ ናት። ለትንሽ ነገር በርታ ከቀረች፣ ነገ ከባድ ብልሽት ሲመጣ በምን እናውቃለን?

ቼክ ኢንጂን የሞተሩ ኮምፒዩተር ለሾፌሩ የሚሰጠው ምልክት ነው። ኮምፒዩተሩ ሞተሩ በሠራ ቁጥር ከሴንሰሮች የሚመጣለትን መረጃ ይከታተላል። የውሃው ሙቀት ስንት ደረሰ? ምን ያህል አየር ገባ? በጭሱ ውስጥ ምን ያህል ኦክስጅን ቀረ? አንዱ ከመስመር ሲወጣ የችግሩን መለያ ኮድ ይመዘግብና መብራቷን ያበራል። አሠራሩ በዋናነት የታሰበው የጭስ ብክለትን ለመቆጣጠር ነው። መኪናው እንደ ወትሮው እየሄደ መብራቷ የምትበራበት አንዱ ምክንያትም ይሄው ነው።

ኦቢዲ 2 የሚባለው ወጥ አሠራር አሜሪካ ውስጥ ለሚሸጡ የቤት መኪኖች ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ ሆኗል (እ.ኤ.አ.)። እነዚህ መኪኖች መሪው አካባቢ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ባለ 16 ፒን ሶኬት አላቸው። ኮዱን የሚያነበው መሣሪያ፣ ስካነር፣ የሚሰካው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ግን የየራሳቸው አነባበብ አላቸው።

መብራቷ ዝም ብላ ከበራችና የመኪናው አካሄድ ካልተለወጠ፣ ተረጋግታችሁ ማስመርመር ትችላላችሁ። ብልጭ ድርግም ካለች ግን እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሡ፣ ቶሎም ጥግ ያዙ። አንድ ሲሊንደር በትክክል እየተኮሰ፣ ማለትም ነዳጁን እያቃጠለ፣ አይደለም ማለት ነው። ያልተቃጠለው ነዳጅ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (ጭሱን የሚያጣራው ክፍል) ውስጥ ገብቶ ይነድና ውስጡን ሊያቀልጠው ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኮድ የተበላሸ ዕቃ ስም አይደለም። ፒ 0420 የሚለው "ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ የሚጠበቅበትን ያህል እያጣራ አይደለም" ነው። "ቀይሩት" አላለም። የጭስ ቧንቧው ሲሾልክ ወይም የኋለኛው ኦክስጅን ሴንሰር ሲደክምም ይኸው ኮድ ሊመጣ ይችላል። ፒ 0171 ደግሞ "አየሩ በዝቷል፣ ነዳጁ አንሷል" ይላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ሮጦ ኦክስጅን ሴንሰር ይገዛል። ሴንሰሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያየውን የተናገረ ምስክር ነው። ምስክሩን ብትቀይሩት አዲሱም የሚናገረው ያንኑ ነው።

ይሄ በራሴ መኪና ደርሶብኛል። ፒ 0171 መጣ፣ ሴንሰሩ ተቀየረ፣ ኮዱ ተሰረዘ። በሦስተኛው ቀን መብራቷ ተመለሰች። ሁለተኛው መካኒክ ዕቃ አልነካም። ስካነሩ ላይ ፊውል ትሪም የሚባለውን ቁጥር ከፈተ። ኮምፒዩተሩ ነዳጁን በስንት በመቶ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ 22 በመቶ ጭማሪ አሳየ። በደቂቃ እስከ 2500 ዙር ነዳጅ ሲሰጠው ወደ 5 ወረደ። "ሌላ ቦታ አየር እየሳበ ነው" አለኝ። ነገሩ ግልጽ ነው። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ፣ በቀዳዳ ሾልኮ የሚገባው ድርሻው ትልቅ ነው። ዙሩ ሲጨምር ግን በብዙ አየር ውስጥ ይዋጣል። ጣቱን በአንዲት የጎማ ቱቦ እጥፋት ሥር አሳለፈ። ከላይ ደህና የምትመስለው ቱቦ ከሥሯ እንደ ደረቀ ተረከዝ ተሰነጣጥቃለች። ጆሮ ጠጋ ሲል "ፍስስ" የሚል ድምፅ ይሰማል። አንድ ስንዝር የማትሞላ ቱቦ ተቀየረች፣ አለቀ።

ቁጥሩ በተቃራኒው ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ዙር ሲጨምር ቢብስ፣ የምንጠረጥረው የተዘጋ የነዳጅ ፊልትሮ ወይም የደከመ ፓምፕ ነበር።

ኮዱ አንድ ሲሊንደር አልተኮሰም ሲል ደግሞ ያለ ወጪ የሚሠራ ሙከራ አለ። ፒ 0301 ማለት አንደኛው ሲሊንደር ነው። ለየሲሊንደሩ ቦቢና (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ክፍል) ባለው መኪና የአንደኛውንና የሦስተኛውን ቦቢና አቀያይሩ። ኮዱ ወደ 0303 ከተዛወረ ጥፋተኛው ቦቢናው ነው። እዚያው ከቀረ ካንዴላውን፣ ቀጥሎ ኢንጀክተሩንና ኮምፕሬሽኑን ማየት ነው።

ታዲያ ኮዱ ሲሰረዝ መብራቷ ለምን ለጥቂት ቀን ትጠፋለች? ብዙዎቹ ብልሽቶች መብራቷን የሚያበሩት በሁለት ተከታታይ ጉዞዎች ላይ ሲታዩ ነው። አንዳንዱ ፍተሻ ደግሞ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ወይም መኪናው በቂ መንገድ ሳይሄድ አይጀምርም። ስለዚህ ኮድ ለመሰረዝ የባትሪ ገመድ ነቅሎ መመለስ ጥገና አይደለም። እንዲያውም ይጎዳል። ኮዱ ሲመዘገብ ኮምፒዩተሩ ፍሪዝ ፍሬም የሚባል አብሮ የሚቀመጥ መረጃ ይይዛል፤ በዚያች ቅጽበት ዙሩ ስንት ነበር፣ የውሃው ሙቀትና ፍጥነቱስ? ሙቀቱ 20 ዲግሪ፣ ፍጥነቱ ዜሮ ከሆነ ብልሽቱን ጠዋት ሞተር ሲነሣ ፈልጉት። 90 ዲግሪና 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከሆነ ጋራዥ ውስጥ አቁሞ መፈለግ ልፋት ነው። ኮድ ስትሰርዙ ይሄ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። እባካችሁ መጀመሪያ ፎቶ አንሡት። ብልሽቱ በእውነት ከተስተካከለ መብራቷ በሦስት ተከታታይ ንጹሕ ጉዞዎች በራሷ ትጠፋለች።

አሮጌ መኪና ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ሞተሩን ሳታስነሡ ቁልፉን ብቻ ክፈቱ። መብራቷ መብራት አለባት። ካልበራች አምፖሏ ተቃጥሏል ወይም ሆን ተብሎ ወጥቷል። ከበራች ስካነር ሰክታችሁ ኮምፒዩተሩ በራሱ የሚያደርጋቸው ፍተሻዎች መጠናቀቃቸውን እዩ። አብዛኞቹ "አልተጠናቀቀም" ካሉ በቅርቡ ኮድ ተሰርዟል ወይም ባትሪ ተነቅሏል። ሻጩን ለምን እንደሆነ ጠይቁት፣ ለጥቂት ቀናት ከተነዳ በኋላም ተመልሳችሁ እዩት።