«አድማ ወንጀል ነው»፣ «ደመወዝ ካደገ ፋብሪካው ይዘጋል»፦ ስለ ሠራተኛ ጥያቄ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከቃሊቲ ተነስቶ በአቃቂና በገላን አልፎ ወደ ዱከም የሚወስደውን መንገድ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ያየ ሰው የሠራተኛ ሰርቪሶቹን ያውቃቸዋል። መስታወቱ በትንፋሽ ጭጋግ ለብሷል። ወንበሩ ሞልቶ መተላለፊያው ላይም ሰው ቆሟል። ስለ ደመወዝ የማይወራበት ቀን የለም። ወሬው ግን ሁሌ እዚያው ላይ ይቆማል፦ «ተይው እህቴ፣ እንጀራችንን እንዳናጣ።» ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ግን ብዙው የተገነባው እውነት ባልሆነ ወሬ ላይ ነው።

«የሥራ ማቆም አድማ ክልክል ነው»

አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሠራተኞች የመደራጀት፣ ከአሠሪ ጋር በኅብረት የመደራደርና ሥራ የማቆም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ይህንኑ ያጸናል። ሕጉ የሚጠይቀው ሥርዓት ነው። መጀመሪያ ጉዳዩን ተነጋግሮ ለመፍታት ይሞከራል። ካልሆነ ከማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ አድማው የአብላጫውን ድጋፍ ማግኘት አለበት። ከዚያ ምክንያቱ ተገልጾ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። አድማ የማይፈቀድባቸው ሥራዎችም አሉ፦ የአየር ትራንስፖርት፣ መብራት፣ ውኃ፣ ሆስፒታል፣ እሳት አደጋ፣ ቴሌ። ጫማ ፋብሪካና ልብስ ስፌት ዝርዝሩ ውስጥ የሉም።

በአዲስ አበባ ዳር ባሉ ፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ደመወዝ ይወጣል፤ ከአቴንዳንስ (በሥራ ላይ በመገኘት ከሚከፈለው) ላይ ያልተጠበቀ ገንዘብ ተቆርጧል። አንዱ ላይን (የምርት መስመር) ማሽኑን ያጠፋል፣ ሌላውም ይከተላል። ሁሉም ግቢው ውስጥ ይቆማል። ኤች አር (የሰው ኃይል ክፍሉ) ወጥቶ «መሪያችሁ ማን ነው?» ይላል። የሚመልስ የለም፤ ምክንያቱም መሪ የለም። ከሰዓት ሥራ ይጀመራል። በማግስቱ ጥቂት ሰዎች ስማቸው በር ላይ ተለጥፎ ያገኙታል። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። የጎደላቸው ጥያቄውን በስማቸው የሚያቀርብ ማኅበርና በሕጉ የተቀመጠው አካሄድ ነው።

አደባባይ መውጣት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። አዋጅ ቁጥር 3/1983 ሰልፉ ከመደረጉ 48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ይጠይቃል። በተግባር ሰልፍ መውጣት የዚህን ያህል ቀላል እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ቢሆንም ወረቀቱ ላይ ያለውን ማወቅ ይጠቅማል።

«ማኅበር ያቋቋመ ይባረራል፤ ሕጉም አያድነውም»

መባረሩ እንደሚያጋጥም አልክድም። ግን የማኅበር አባል መሆን፣ በሕጋዊ እንቅስቃሴው መሳተፍ ወይም በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት በቂ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በግልጽ ጽፏል። ማኅበር ለማቋቋም የሚበቃውም 10 ሠራተኛ ነው። ድርጅቱ ከዚያ ያነሰ ሰው ካለው፣ በሌሎች ትናንሽ ድርጅቶች ካሉ ሠራተኞች ጋር ጠቅላላ ማኅበር መመሥረት ይቻላል። በኤጀንሲ የተቀጠረ ሰውም ሠራተኛ ነው።

«መንግሥት 6,000 ብር ዝቅተኛ ደመወዝ ወስኗል»

ይህ በጣም የተሰራጨ ስህተት ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው ደመወዝ 6,000 ብር የሆነው ለመንግሥት ሠራተኛ ነው። ለግሉ ዘርፍ አገር አቀፍ የደመወዝ ወለል የለም። አዋጅ 1156 መንግሥት፣ ሠራተኛና አሠሪ የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም አዟል፤ ዝርዝሩ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል። አዋጁ የወጣው በ2011 ዓ.ም. ነው። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ የገበያው ንረት ጠብቁኝ አላለም፤ የቤት ኪራይም እንዲሁ። ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር ሰው የዓመታት ጥበቃ ምን ማለት እንደሆነ ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ አንድ ክፍል ለአራት የተከራዩ ልጆችን መጠየቅ ይበቃል።

«ደመወዝ ከጨመረ ባለሀብቱ ጥሎ ይሄዳል»

ስጋቱን አቅልዬ አላየውም። ፋብሪካ ሲዘጋ ቀድሞ ሜዳ ላይ የሚወድቀው ሠራተኛው ነው። ግን እስቲ የሆነውን እንይ። በ2011 ዓ.ም. የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበር አሳይቷል። ከዓለም ዝቅተኛው ነበር። ያ ርካሽ ደመወዝ ባለሀብቶቹን አላቆያቸውም። ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2014 መጀመሪያ ሐዋሳን ለቆ የወጣው ጦርነቱን ጠቅሶ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አገሪቱ የአጎአን፣ ማለትም የአፍሪካ ምርቶችን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የሚያስገባውን ሕግ፣ ዕድል አጣች። ይህም በሠራተኛ ጥያቄ የመጣ አልነበረም። በሌላ በኩል ዝቅተኛ ደመወዝ ራሱ ወጪ አለው፦ ሠራተኛው አይቆይም። ያው ጥናት ፋብሪካዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ በአማካይ ሁሉንም ሠራተኞቻቸውን በሌላ እንደሚተኩ ጽፏል። አንዲት ልጅ ስፌት ለምዳ እጇ ሲፈታ ትሄዳለች፣ ሌላዋ ከዜሮ ትጀምራለች።

«በር ላይ ሥራ ፈላጊ ተሰልፎ እያለ ደመወዝ ይጨመር ማለት ራስ ወዳድነት ነው»

ይህን ስሰማ ያመኛል። በሩ ላይ ከተሰለፉት ወጣቶች መካከል ፋብሪካው የቆመበት መሬት የወላጆቻቸው እርሻ የነበረ አሉ። ሥራ ይሰጣችኋል ተብለው ነበር። ብዙዎቹ ያገኙት ጥበቃና ጉልበት ሥራ ነው። እነሱና ውስጥ ያሉት የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ የሚያኖር ሥራ።

«ይሄ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር ነው»

የዛሬው ኢሠማኮ (የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን) የወጣበት የሠራተኞች ኮንፌዴሬሽን የተመሠረተው በ1955 ዓ.ም. ነው። የካቲት 28 ቀን 1966 ለአራት ቀናት የዘለቀ ጠቅላላ አድማ ጠርቷል። የደመወዝ ወለል ጥያቄ ያኔም ነበር።

«የኦቨርታይም ክፍያ የአሠሪው ቸርነት ነው»

ሒሳቡን በእጃችሁ ሥሩት። የወር ደመወዙ 4,000 ብር ነው እንበል። በሳምንት 48 ሰዓት ሲሠራ ወሩ በአማካይ 208 ሰዓት ይመጣል፤ የሰዓቱ 19 ብር ከ23 ሳንቲም ገደማ ነው። በአዋጁ መሠረት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ላለ ትርፍ ሰዓት 1.5 እጥፍ፣ ለሌሊት 1.75፣ ለሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ ለበዓል 2.5 እጥፍ ይከፈላል። ስለዚህ የቀኑ ትርፍ ሰዓት 28 ብር ከ85 ሳንቲም ነው። ለሰዓቱ 20 ብር ብቻ ከተከፈላችሁ፣ በሳምንት 10 ሰዓት ለሠራ ሰው በአራት ሳምንት 354 ብር ጎድሏል። ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም።

የፔሮል ወረቀታችሁን አትጣሉ። የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ያልተከፈለ ደመወዝና ኦቨርታይም የሚጠየቀው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ነው። ያላግባብ የተባረረ ሰው ወደ ሥራ ልመለስ ለማለት ያለው ጊዜ ደግሞ 3 ወር ብቻ ነው።